ሁሉም ደህና ነው፤ ድምፅ ብቻ የለም

በኮምፒውተር ላይ ከሚደርሱ ብልሽቶች ሁሉ ስለ ራሱ ቃል የማይተነፍሰው የድምፅ መጥፋት ነው። ስክሪን ሲበላሽ ይጨልማል ወይም ይዥጎረጎራል፤ ፕሪንተር ሲበላሽ ወረቀት ነክሶ ይቀራል፤ ሃርድ ዲስክ ሲያረጅ ይንቋቋል፤ ድምፅ ሲጠፋ ግን የሚገኘው ማስረጃ ዝምታ ብቻ ሲሆን፣ ዝምታ ደግሞ ጤነኛ ኮምፒውተርም ምንም ሳይጫወትበት ሲቀር የሚያሳየው ጠባይ ነው። በዚህ ምክንያት ባለ ኮምፒውተሩ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚያሳልፈው ብልሽቱን በመፈለግ ሳይሆን ብልሽት መኖር አለመኖሩን በማጣራት ነው፤ የዘፈኑ መግቢያ ረዝሞ ይሆናል ብሎ ይታገሣል፣ ፊቱን ወደ ስፒከሩ ያስጠጋል፣ ከዚያም ሌላ ዘፈን ይከፍታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት አስታውሶ የገዛ ጆሮውን የሚጠራጠርም አይታጣም።

ጉዳዩ በተለይ የሚከብደው ሊኑክስ በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ሊኑክስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች እየተቀባበሉ ያሳደጉት ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወና እምብርት ሲሆን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ደቢያን የሚባሉት ደግሞ በዚህ እምብርት ዙሪያ የተሰናዱ ሙሉ ሥርዓቶች ናቸው። የድምፅ ካርድ የሚባለው ክፍል ሥራው ቁጥርን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መለወጥ ነው፤ በሲዲ ላይ የተቀረጸ ሙዚቃ ለግራም ለቀኝም በየሰከንዱ 44,100 ቁጥሮች ስለሚይዝ፣ ካርዱ እነዚህን ቁጥሮች ተራቸውን ሳያዛባ ለውጦ ወደ ስፒከሩ ያሳልፋል። ድራይቨር ደግሞ ከርነሉ አንድን የተወሰነ ካርድ እንዴት ማዘዝ እንዳለበት የሚያውቅበት ፕሮግራም ነው። ለብዙ ሰው ድራይቨር ማለት ከዕቃው ጋር በሲዲ የሚመጣ ወይም ከአምራቹ ዘንድ የሚወርድ ነገር ሆኖ ስለቆየ፣ ድምፅ ሲጠፋ «ድራይቨር የለውም» ማለት የተለመደ ፍርድ ሆኗል፤ በሊኑክስ ግን አብዛኛው ድራይቨር ሞጁል በሚባሉ ክፍሎች ተከፋፍሎ ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣና ካርዱ እንደታወቀ በራሱ የሚጫን በመሆኑ፣ ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ንጹሑን ተከሳሽ የሚያስቀጣ ነው።

እውነተኛው ችግር ድምፅ ከፋይል ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው እጆች መብዛት ነው። ማጫወቻው ፕሮግራም የዘፈኑን ፋይል ፈትቶ ቁጥሮቹን ለድምፅ ሰርቨሩ ያስረክባል፤ የድምፅ ሰርቨር ማለት ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የሚመጣውን ድምፅ ቀላቅሎ አንድ የሚያደርግና በየትኛው መውጫ እንደሚወጣ የሚወስን አገልግሎት ነው። ሰርቨሩ የተቀላቀለውን ድምፅ የከርነሉ የድምፅ ክፍል ለሆነው ለአልሳ ያስተላልፋል፤ አልሳ በድራይቨሩ አማካይነት በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ተቆጣጣሪ ያዛል፤ ተቆጣጣሪው ኮዴክ ለሚባለው ትንሽ ቺፕ ያቀብላል፤ ኮዴኩ ቁጥሩን ወደ ሞገድ ለውጦ ለማጉያው ይሰጣል፤ ማጉያው በመጨረሻ ስፒከሩን ያንቀሳቅሳል።

ይህ አሠራር አንድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ በየቢሮው እየተመራ የሚዞርበትን መሥሪያ ቤት ይመስላል፤ ባለጉዳዩ ወደ የትኛውም ጠረጴዛ ቀርቦ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «እኛ ጨርሰን መርተነዋል» የሚል ሲሆን፣ የሚያስገርመው ሁሉም እውነታቸውን መሆኑ ነው። ማጫወቻው ደቂቃና ሰከንድ እየቆጠረ ዘፈኑ በመካሄድ ላይ መሆኑን ይመሰክራል፤ የሰርቨሩ መለኪያ አረንጓዴ መስመሩን ከምቱ ጋር ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ አልሳ ካርዱ ሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ስሕተት የሚል ቃል ግን በየትም ቦታ አይገኝም። ጥፋተኛ የሌለበት ጥፋት መመርመር ከሁሉ የከበደ ምርመራ ነው።

ጠረጴዛዎቹ ለምን በዙ የሚለው ጥያቄ መልሱ በታሪክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በገበያው የገነነው የድምፅ ካርድ ክሪኤቲቭ የተባለው የሲንጋፖር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ሳውንድ ብላስተር ነበር፤ ለዚህ ካርድ የሊኑክስን የመጀመሪያ ድራይቨር የጻፈውም ሃኑ ሳቮላይነን የተባለ ፊንላንዳዊ ነው። በዚያን ዘመን ካርዱ ራሱን የማስተዋወቅ ችሎታ ስላልነበረው፣ ባለቤቱ የካርዱን አድራሻና ካርዱ የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያቋርጥበትን መስመር በቁጥር መናገር ነበረበት፤ ከተለመዱት ቁጥሮች አንዱ የሆነው 7 ደግሞ የፕሪንተርም መስመር ስለነበር፣ ሙዚቃና ኅትመት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተስማምተው ለመኖር የሚቸገሩበት ጊዜ ነበር። ካርዱ ከሠራ በኋላም መሞከሪያው ራሱን የቻለ ሥነ ሥርዓት ነበረው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ ስሙንና የሥራውን ስም አጠራር የሚያሰማበት አጭር ቅጂ ከከርነሉ ጋር በአንድ ማከማቻ ይገኝ ስለነበር፣ ብዙዎች ካርዳቸው ሥራ መጀመሩን የሚያውቁት የሥርዓቱ ፈጣሪ ራሱ ከስፒከራቸው ውስጥ ሲያናግራቸው ነበር።

የሳቮላይነን ሥራ ኦኤስኤስ በሚል ስም ሲታወቅ፣ ዋናው ጉድለቱ በብዙ ካርዶች ላይ የድምፁን መሣሪያ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ እንዲይዘው ማድረጉ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አንድ ፕሮግራም መሣሪያውን ከያዘ ሌላው እስኪለቅለት ድረስ ድዳ ሆኖ ይጠብቃል። የኦኤስኤስ የተሟላ ዝርያ ለሽያጭ መቅረቡ በዚህ ላይ ሲጨመር፣ ያሮስላቭ ኪሴላ የተባለ የቼክ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1998 አልሳን ጀመረ፤ አልሳም በታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከርነል 2.6 ጋር መደበኛው የሊኑክስ የድምፅ ክፍል ሆነ። የአልሳ ሊቃውንት ጥንቃቄን የሚያበዙ በመሆናቸው፣ ካርዱ መጀመሪያ ሲጫን የድምፅ መተላለፊያዎቹ ሁሉ ተዘግተው እንዲነሡ አድርገው ነበር፤ በዚህ ውሳኔ መሠረት ድራይቨሩ በተሳካ ሁኔታ መጫኑ የሚታወቅበት ዋና ምልክት ፍጹም ዝምታ ሆነ፤ አለመጫኑ የሚታወቅበት ምልክትም እንደዚሁ።

ከዚህ በኋላ ሌናርት ፖተሪንግ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ፐልስኦዲዮ የተባለውን የድምፅ ሰርቨር ጀመረ፤ ፌዶራ በ2007፣ ኡቡንቱም በ2008 ተቀብለውት በሰፊው ሲሠራጭ፣ ከካርዶቹ ድራይቨሮች የሚጠይቀው ትክክለኛነት ቀድሞ ተደብቀው የነበሩ ስሕተቶችን ሁሉ አደባባይ አወጣቸው፤ ስሕተቱን የሠራው ሳይሆን ያጋለጠው የሚወቀስበት ልማድ በኮምፒውተር ዓለምም ያለ ነውና፣ ለብዙ ዓመታት ድምፅ ለጠፋበት ሰው የሚሰጠው ተወዳጅ ምክር «ፐልስኦዲዮን ነቅለህ ጣለው» የሚል ነበር። በመጨረሻ ዊም ታይማንስ የተባለ ሌላ ባለሙያ በመጀመሪያ ቪዲዮን ለማስተላለፍ ያዘጋጀው ፓይፕዋየር ድምፅንም ጠቅልሎ ያዘ፤ ፌዶራም እ.ኤ.አ. በ2021 በፐልስኦዲዮ ቦታ ተካው። ፓይፕዋየር ጨዋ ተተኪ በመሆኑ የቀድሞውን ሰርቨር ትእዛዞች በአብዛኛው ይቀበላል፤ ማንነቱን በአሮጌው ትእዛዝ ለሚጠይቀውም ፐልስኦዲዮ ነኝ ብሎ ይመልስና በፓይፕዋየር ላይ መቆሙን ያክልበታል። እያንዳንዱ የመጣው ነገሩን ለማቅለል ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ግን ወይ በስሙ ወይ በአሠራሩ አልሄደም፤ መርማሪው ዛሬ የሚገጥመው የሁሉም ማቅለል ድምር ነው።

ዝምታው ከውጭ ሲታይ አንድ ቢመስልም በመንሥኤው ብዙ ዓይነት ነው። የመጀመሪያውና እጅግ የተስፋፋው የተዘጋ መተላለፊያ ነው። አልሳሚክሰር የተባለው በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት የሚከፈት ፕሮግራም የካርዱን መተላለፊያዎች እንደ ዓምድ አቁሞ ያሳያል፤ ከዓምዱ ሥር ሁለት ኤም የተባሉ የላቲን ፊደላት ከታዩ መተላለፊያው ዝግ፣ ሁለት ዜሮዎች ከታዩ ክፍት ነው፤ ኤም የሚለውን ቁልፍ መጫን ደግሞ አንዱን ወደ ሌላው ይለውጣል። ዋናው ዓምድ፣ የስፒከሩ ዓምድና የጆሮ ማዳመጫው ዓምድ የተለያዩ ስለሆኑ፣ በስክሪኑ ጥግ ያለው የድምፅ ምልክት መቶ ከመቶ ብሎ ሲፎክር ከሥሩ ያለው የስፒከር ዓምድ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ባለ ኮምፒውተሩ ጥጉ ላይ ያለውን ምልክት ስለሚያምነው ወደ ዓምዶቹ የሚወርደው ሌላውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ድምፁ ሳይጠፋ የተሳሳተ መውጫ የሄደበት ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው የስክሪን ገመድ ምስልን ብቻ ሳይሆን ድምፅንም ስለሚያስተላልፍ፣ ከስክሪኑ ጋር የሚገናኘው ክፍል ለአልሳ ራሱን እንደ ድምፅ ካርድ ያስተዋውቃል፤ አልሳ ካርዶችን ከዜሮ ጀምሮ ስለሚቆጥርና ይህኛው ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል፣ ዜሮ ቁጥርን ይዞ ዋና ካርድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱ ዘፈኑን ምንም ሳያጎድል አጥርቶ ስፒከር ወደሌለው ስክሪን ይልከዋል፤ ሥራውን በትክክል ስለሠራም የሚናገረው ቅሬታ የለም።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉም የሚደነቀው ሲሆን፣ በቅንብሩ ገጽ ላይ «ደሚ አውትፑት» በሚል ስም ይታወቃል፤ ይህም የይስሙላ መውጫ ማለት ነው። ሰርቨሩ አንድም ካርድ ባላገኘ ጊዜ ፕሮግራሞቹ እንዳይደናገጡ ሲል ከየትም የማይደርስ መውጫ ይፈጥርና የሚሰጡትን ድምፅ ሁሉ እየተቀበለ ይጥላል፤ ፕሮግራሞቹም በሥራቸው ረክተው ይቀጥላሉ። እዚህ ላይ ተከሳሹ ድራይቨር በእርግጥ ሊጠረጠር ይገባል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ድራይቨሩ ሳይሆን ፈርምዌሩ ነው። ፈርምዌር ማለት በቺፑ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ በአዳዲሶቹ ባለ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ማይክሮፎኑ በአብዛኛው የሚያያዘው የራሱ ፈርምዌር ከሚያስፈልገው የድምፅ ማቀነባበሪያ ጋር ስለሆነ፣ ድራይቨሩ ተጭኖ ፈርምዌሩ ካልተገኘ ማይክሮፎኑ ብቻ ሳይሆን ካርዱ እንዳለ ከዝርዝሩ ሊሰወር ይችላል።

አራተኛው ዓይነት ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ይመነጫል። ማዳመጫ ሲሰካ የስፒከሩ ድምፅ በራሱ የሚዘጋበት አሠራር ስላለ፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ትንሽ መዳሰሻ በአቧራ ወይም በእርጅና ምክንያት ተሳስቶ ማዳመጫ የተሰካ ሲመስለው፣ ስፒከሩ በሌለ ማዳመጫ ምክንያት ዝም ይላል። አምስተኛው ዓይነት ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስንና ሊኑክስን አብረው የጫኑ ሰዎች የሚያውቁት ነው፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ከዊንዶውስ በሪስታርት ብቻ ወደ ሊኑክስ ሲሻገሩ ኮዴኩ የቀድሞው ጌታው በተወው ሁኔታ ላይ ስለሚቀር፣ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ካልተነሣ በቀር ለአዲሱ ጌታ አይታዘዝም።

ስድስተኛው ዓይነት ትንሽ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ኤችዲ ኦዲዮ የተባለው ደንብ ማንኛውም ኮዴክ በአንድ ዓይነት ድራይቨር እንዲታዘዝ የሚያስችል ሲሆን፣ ከኮዴኩ እግሮች የትኛው ከስፒከር፣ የትኛው ከማዳመጫ፣ የትኛው ከማይክሮፎን ጋር እንደተያያዘ የሚገልጸው ግን የኮምፒውተሩ አምራች ነው። አምራቹ ማሽኑን የሚፈትነው በዊንዶውስና በራሱ ድራይቨር ስለሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ስፒከሩን ማይክሮፎን፣ ማዳመጫውንም የሌለ አድርጎ ቢጽፍ የሚያርመው የለም። የሊኑክስ ድራይቨር በበኩሉ የተጻፈውን ስለሚያምን ድምፁን ወደ ተነገረው እግር ይልካል፤ ከዚያ እግር ጋር ደግሞ ምንም ነገር አልተያያዘም። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በድራይቨሩ ውስጥ የላፕቶፖችን ሞዴል ከነጉድለታቸው የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ሪልቴክ ለተባለው አምራች ኮዴኮች ብቻ የተዘጋጀው ሰንጠረዥ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ መስመርም አንድ ቦታ አንድ ሰው ዝም ያለ ላፕቶፕ ታቅፎ እንደነበረ የሚመሰክር ሰነድ ነው። አንድ ላፕቶፕ ገበያ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከርነል ሲታደስ ድምፁ በድንገት ሥራ የሚጀምረው በአብዛኛው ስሙ በዚህ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ነው።

መንሥኤዎቹ ይህን ያህል የተለያዩ ሆነው ሳለ የባለ ኮምፒውተሩ አካሄድ በየቦታው ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርጋል፤ ቀጥሎ ለብዙ ሰዎች ይነግራል፤ እነርሱም እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ የሠራላቸውን ትእዛዝ ይሰጡታል። ትእዛዞቹ ሁሉ በየዘመናቸው ትክክል የነበሩ ናቸው፤ አንዱ ለኦኤስኤስ፣ ሌላው ለመጀመሪያው አልሳ፣ ሦስተኛው ፐልስኦዲዮ በተጠላበት ወቅት የተጻፈ ሲሆን፣ ባለ ኮምፒውተሩ ግን በአንድ ምሽት ሁሉንም በተከታታይ ስለሚፈጽማቸው ኮምፒውተሩ በየትኛው ዘመን እንደሚኖር ይጠፋበታል። ከአማካሪዎቹ መካከል «ሚውት አለመሆኑን አይተሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ፣ ጥያቄው ስለሚያስከፋ ሳይመለስ ይቀራል፤ በስታቲስቲክስ ባይረጋገጥም ከሁሉም ይልቅ ወደ እውነቱ የሚቀርበው ግን ይኸው የተከፉበት ጥያቄ ነው።

ድምፁ በዚህ ግርግር መካከል ከተመለሰ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል፤ ከተደረጉት ነገሮች የትኛው እንዳዳነው ስለማይታወቅ፣ ሁሉም መድኃኒት ነው ተብሎ ይያዛል። በተለይ ለድራይቨሩ የካርዱን ሞዴል በግምት የሚነግር መስመር በሞጁሎች ማዘዣ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ሲረሳ፣ ከርነሉ ከታደሰ በኋላ ለሚመጣው ዝምታ መንሥኤ የሚሆነው ያው የትናንቱ መድኃኒት ነው። ድምፁ ካልተመለሰ ደግሞ የመጨረሻው ውሳኔ ፎርማት ይሆናል፤ በዚህም ሥርዓቱ፣ ቅንብሩና አንዳንድ ጊዜም ፋይሉ ጠፍቶ ሁሉም ነገር ከአዲስ ሲጫን፣ ጥፋቱ የመውጫ ከነበረ፣ ስክሪኑ በዚያው የኤችዲኤምአይ ገመድ ላይ እንዳለ፣ ዘፈኑ እንደገና ወደዚያው ስፒከር አልባ ስክሪን ይላካል።

የሚሻለው ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚለውን ይዞ ከታች ወደ ላይ መውጣት ነው። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ የድምፅ ካርዱ ለኮምፒውተሩ መታየት አለመታየቱን ይናገራል፤ ኤፕሌይ የተባለው ከትንሹ የላቲን ፊደል ኤል ጋር ሲታዘዝ አልሳ ያወቃቸውን ካርዶች ከነቁጥራቸው ይዘረዝራል፤ ካርዱ በመጀመሪያው ታይቶ በሁለተኛው ከጠፋ የድራይቨር ወይም የፈርምዌር ጉዳይ ነው፤ በሁለቱም ከታየ ድራይቨሩ አልተጫነም ከሚለው ክስ በነጻ ይሰናበታል። ቀጥሎ አልሳሚክሰርን ከፍቶ ትክክለኛውን ካርድ መርጦ ዓምዶቹን መመርመር፣ ከዚያም ስፒከር ቴስት በተባለው ትእዛዝ ካርዱን በቁጥሩ ለይቶ በቀጥታ መፈተን ይገባል፤ ሰርቨሩ ካርዱን ይዞት ከሆነ መሣሪያው ሥራ ላይ ነው የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ካርዱ በሰው እጅ መሆኑን እንጂ መበላሸቱን አያሳይም። ፈተናው ከተሰማ ከአልሳ በታች ያለው ሁሉ ጤነኛ ስለሆነ ጥፋቱ ከሰርቨሩ ወይም ከማጫወቻው ዘንድ ይፈለጋል፤ ካልተሰማ ወደ ላይ መውጣት ዋጋ የለውም። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ጥያቄ ከተጠርጣሪዎቹ ከፊሉን ስለሚያሰናብት፣ ምርመራው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ድምፅ የጠፋበት አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ የስፒከሩን ገመድ፣ የተመረጠውን መውጫና የተዘጉትን ዓምዶች ይመልከት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ያልጠቀመውን ለውጥ ወደ ነበረበት ይመልስ፤ የጠቀመውን ደግሞ ከነቀኑ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ማስታወሻው ለሚቀጥለው ጊዜ ያስፈልጋል፤ ከርነል በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ የሚቀጥለው ጊዜ መምጣቱ አይቀርም።